ቱሉ ዲምቱ ያለው የሊነክስ ድራይቨር ስልጠና፦ ልሂድ ወይስ ልቅር ለምትሉ

ሲ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የማታውቁ ከሆነ ገና አትሂዱ። ገንዘባችሁን ነው የምትጥሉት። ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው ነገር) ሲባል የማትደነግጡ ከሆነ ግን ሂዱ፣ አትቆጩም። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፤ ረጅሙን የፈለገ ይከተለኝ።

የማወራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ስላለች አንዲት ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሊነክስ ድራይቨር መጻፍ ያስተምሩባታል። ድራይቨር ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከተሰካው ዕቃ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ነው። አዎ፣ መጻፍ። መጫን አላልኩም። ስሟን ያልጠቀስኩት ስም ስለሌላት ነው፤ ታፔላው «የኮምፒውተር ጥገና፣ ፎቶ ኮፒና ስልጠና» ከማለት አያልፍም፣ እንዲህ የሚል ታፔላ ደግሞ ሰፈሩን ሞልቶታል። በደጇ የሚያልፍ ሰው የመታወቂያ ኮፒ የሚጠብቁ ሰዎችን እንጂ ሌላ አያይም። ከመጋረጃው ጀርባ ስለ ኢንተራፕት፣ ማለትም ዕቃው ፕሮሰሰሩን «ሥራህን አቁመህ አድምጠኝ» ስለሚልበት ምልክት የሚከራከሩ ሰዎች አሉ ብሎ ማን ይገምታል?

ቦታው ግን ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አካባቢ ስለሆነ ኤሌክትሪካልና ሶፍትዌር የሚማሩ ልጆች አይጠፉም። የክፍሉ ግማሽ ያህል እነሱ ናቸው። የቀረነው ሠርተን የምናድር ነን፦ ኔትወርክ የሚዘረጋ አለ፣ የደህንነት ካሜራ የሚገጥም አለ፣ እኔ ደግሞ የሱቅ ዕቃ ነው የምጠግነው፤ ባርኮድ ማንበቢያ፣ የደረሰኝ ማተሚያ፣ ሚዛን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ከመሀል ከተማ የሚመጡም አሉ። እነሱ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መንገዱን በመርገም ነው የሚያሳልፉት።

ክፍያው ርካሽ አይደለም። የሞባይል ጥገና ወይም የግራፊክስ ኮርስ ከሚጠየቀው ይበልጣል፣ ግን ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ሰርተፊኬት የላቸውም። ደግሜ ልጻፈው፣ ሰርተፊኬት የላቸውም። ለሲቪ ማድመቂያ ወረቀት የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ይሻላችኋል።

አስተማሪው ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም። ፓወርፖይንት የሚባል ነገር አይወዱም፣ ተርሚናል ከፍተው እየጻፉ ነው የሚያስረዱት፣ እና ሲጽፉ የሚሳሳቱትን ሳይደብቁ ፊታችን ያስተካክላሉ። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ ይሳካለታል፣ እኛ ቤት ግን በመጀመሪያው ሙከራ የሚሳካ ድራይቨር የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኮድ አይነካም። ጋሼ የሚጀምሩት ከክራውድስትራይክ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የዚህ ኩባንያ የደህንነት ሶፍትዌር አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ፋይል ላከ። ፋይሉን የሚያነበው ክፍል ዊንዶውስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ነበር፣ ከተፈቀደለት ሜሞሪ ውጭ አነበበ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ይዘው ቀሩ። በረራ ተሰረዘ፣ ሆስፒታል ተቸገረ። ተራ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ብቻ ተዘግቶ ነገሩ ያበቃ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራስህ ሳህን ቢሰበር የራስህ ጉዳይ ነው፣ የሕንፃው ዋና ቧንቧ ሲፈነዳ ግን ከላይ እስከ ታች ያለው ነዋሪ ሁሉ ይረጥባል፤ ከርነል ውስጥ ኮድ መጻፍ ዋናውን ቧንቧ መንካት ነው።

«ይሄን ያደረጉት ከእናንተም ከኔም የሚበልጡ ሰዎች ናቸው» አሉን ጋሼ። «ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ላይ እንዳትሞክሩ።»

እናም ሁሉም ሰው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው። ኡቡንቱ የሚባለው ሊነክስ ተጭኖበት፣ ስናፕሾት ተይዞለት፣ ሲበላሽ በአንድ ጠቅታ ወደ ኋላ መመለስ እንዲቻል ሆኖ። በኔ እምነት ክፍያው ግማሹ ለዚህ ፈቃድ ነው፦ ኮምፒውተር እስኪሞት ድረስ ማበላሸት፣ ሬሳውን ደግሞ ማንበብ የሚችል ሰው አጠገባችሁ መኖሩ።

ሞጁል ማለት ከርነሉ እየሠራ የሚገባና የሚወጣ የኮድ ቁራጭ ነው። የመጀመሪያዋ ሞጁል የታወቀችዋ ናት። ሲጫን አንድ መስመር የሚጽፍ፣ ሲወጣ አንድ መስመር የሚጽፍ። በ«ኢንስሞድ» ታስገባላችሁ፣ በ«አርኤምሞድ» ታስወጣላችሁ፣ በ«ዲሜሴጅ» የጻፈውን ታያላችሁ። እዚህ ላይ ጋሼ አይንዛዙም። የሚንዛዙት እምቢ ሲል ነው። እምቢ የሚልባቸውን ሁለት መንገዶች ሆን ብለው ያሳያሉ። አንደኛው፣ ሞጁሉ የተሠራበት የከርነል ቨርዥንና አሁን የሚሠራው ከርነል ሲለያዩ ነው፤ የሞጁሉ ፎርማት ልክ አይደለም የሚል ነገር ይመጣል፣ ሰውዬው ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲያወርድ ይውላል፣ ጉዳዩ ግን ትናንት ኡቡንቱ ከርነሉን አሻሽሎ የሄደር ፓኬጁ (ሞጁል ሲሠራ የሚያስፈልጉት የከርነሉ ፋይሎች) ግን የድሮው ሆኖ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ሴኪዩር ቡት ነው። ምክሩን አልሰማ ብሎ በራሱ ላፕቶፕ የሞከረ አንድ ልጅ «ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ አገኘ። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ኡቡንቱ ያልተፈረመበትን ሞጁል አያስገባም። ወይ ታጠፋዋለህ፣ ወይ የራስህን ቁልፍ አስመዝግበህ ትፈርማለህ። ልጁ የተማረው ሁለተኛውን ነው፣ እኛም አብረን ተማርን።

አሁን ወደ ምርጡ ክፍል ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ሆን ብለው ያበላሿትን ሞጁል ይዘው መጡ። ባዶ ፖይንተር ትከተላለች፣ ከርነሉ «ኡፕስ» ይላል፣ ስክሪኑ በቁጥርና በፊደል ይሞላል። አብዛኞቻችን ይሄን ስናይ የምናደርገው ሪስታርት ነው። እሳቸው ግን ቀድመው ጽሑፉን በወረቀት አትመውታል፤ ቤቱ ፎቶ ኮፒ ቤት አይደል? ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ገጽ ደረሰው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጡና አስምሩ ተባልን። የመጀመሪያው መስመር ምን እንደተፈጠረ ይናገራል። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ሲወድቅ የት እንደነበር የሚያሳየው መስመር አለ፤ የፋንክሽኑ ስም፣ የመደመር ምልክት፣ ከፋንክሽኑ መጀመሪያ ስንት ባይት ገባ ብሎ እንደወደቀ፣ ከዚያ በስላሽ የፋንክሽኑ ጠቅላላ ርዝመት። ሁለቱም በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር ነው። ይሄን ቁጥር ይዞ ወደ ሲ ኮዱ ትክክለኛ መስመር መመለስ ይቻላል፣ ሞጁሉ ከዲበግ መረጃ ጋር ኮምፓይል ከተደረገ። ከሥሩ የጥሪ ሰንሰለቱ ይመጣል፣ ማን ማንን ጠርቶ እዚህ እንደተደረሰ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን «ቴይንትድ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት ነው። ለስንት ዓመት ሳያቸው ኖሬያለሁ፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ፒ ካለ ምንጩ ያልተከፈተ ሞጁል ተጭኗል ማለት ነው። ኦ ካለ ከከርነሉ ዛፍ (ከዋናው የኮድ ስብስብ) ውጭ የተሠራ ሞጁል አለ። ዲ ካለ ደግሞ ከርነሉ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ወድቋል፣ ማለትም አሁን የምታነቡት የመጀመሪያው ኡፕስ አይደለም። ኡፕስ ሁልጊዜ ማሽኑን አይገድልም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የፈጸመውን ፕሮሰስ ገድሎ ከርነሉ እያነከሰ ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ኡፕሶች የመጀመሪያው ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዲ ካያችሁ ወደ ላይ ወጥታችሁ የመጀመሪያውን ፈልጉ። ይሄን ለመማር ብቻ የከፈልኩትን መልሼ ብከፍል አይከፋኝም።

ከዚያ የካራክተር ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን እንደ ፋይል ባይት በባይት የሚያስነብብና የሚያስጽፍ ዓይነት ይመጣል። ዴቭ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ነገሮች ተራ ፋይል እንዳልሆኑ፣ ከኋላቸው ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ፣ የመጀመሪያው የትኛው ድራይቨር ሁለተኛው የትኛው ዕቃ እንደሚል። «ዴቭ ነል» 1 እና 3 ነው፣ «ዴቭ ዜሮ» 1 እና 5፤ ሂዱና በማሽናችሁ ላይ እዩት። ቀጥሎ ለመክፈት፣ ለማንበብ፣ ለመጻፍ እና ለመዝጋት የየራሳቸውን ፋንክሽን ትጽፋላችሁ። ከተጠቃሚው ፕሮግራም የመጣን አድራሻ በቀጥታ መንካት ክልክል ነው፣ ለዚሁ በተሠሩት ፋንክሽኖች ነው የሚቀዳው፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሰጣችሁ አድራሻ የሌለ ወይም የከርነሉ የራሱ ሊሆን ይችላል፣ ሆን ብሎም ሊሰጣችሁ ይችላል። ጋሼ እዚህ ላይ ፊታቸው ይኮሳተራል። ልክም ናቸው።

አንዷ ተማሪ «ጋሼ፣ የኔ ካት አልቆም አለ» አለች። ካት የፋይልን ይዘት ተርሚናል ላይ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። ፋይሉን ሲያነብ ያንኑ ጽሑፍ ማለቂያ በሌለው መልኩ ይደግመዋል።

«የማንበቢያ ፋንክሽንሽ ዜሮ መልሶ ያውቃል?»

አያውቅም። ዜሮ ካልመለሰ ደግሞ ካት ፋይሉ እንዳለቀ በምን ያውቃል? ይሄን ዓይነት ነገር መጽሐፍ ላይ አንብባችሁ ታልፉታላችሁ፣ ተርሚናሉ ሲንዶለዶል ስታዩት ግን አይረሳም።

አሁን ቅሬታዬ። የሚሰጡት ጥራዝ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣውና በነፃ ከሚገኘው የታወቀ የድራይቨር መጽሐፍ ሦስተኛ እትም ብዙ ተቀድቶበታል፣ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ደግሞ ለ2.6.10 ከርነል ነው። ሐሳቡ አሁንም ወርቅ ነው። ኮዱ ግን አዲስ ከርነል ላይ ኮምፓይል አይደረግም። ለምሳሌ የፕሮክ ፋይል (ከርነሉ ስለ ውስጡ መረጃ የሚያሳይበት) የሚፈጠርበት መንገድ በ5.6 ተቀይሯል፣ የድሮውን ስትራክት ስትሰጡት አይቀበልም። ዴቭ ውስጥ ፋይሉ በራሱ እንዲፈጠር የምንጠራት «ክላስ ክሪኤት» ደግሞ ሁለት ነገር ትቀበል ነበር፣ ከ6.4 ጀምሮ አንድ ብቻ ሆነች። ጥራዙ የድሮውን ይላል። አንድ ሙሉ ክፍል ሰው አንድ ዓይነት ኤረር ይዞ እጁን ያወጣል፣ ጋሼ «እሱን ሰርዙት» ይላሉ፣ እንቀጥላለን። ሰርዙት ከማለት ጥራዙን ማስተካከል ይቀላል እኮ! ፎቶ ኮፒው እጃቸው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ መቀያየር በስህተት የሚመጣ አይደለም። የሊነክስ ሰዎች ከርነሉን ከውጭ ለሚጠቀም ፕሮግራም የሚታየውን ነገር ላለመስበር በጣም ይጠነቀቃሉ፣ ከርነሉ ውስጥ ያለውን ግን እንዳሻቸው ይቀይራሉ፣ ድራይቨርህ ከርነሉ ዛፍ ውስጥ ከሆነ የቀየረው ሰው ያንተንም አብሮ ያስተካክልልሃል፣ ውጭ ከሆነ ችግሩ ያንተ ነው። ከከርነሉ ጠቅላላ ኮድ ከግማሽ በላዩ ድራይቨር የሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ሃርድዌሩ እንሂድ። ኮርሱ አጋማሽ ላይ ራዝቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር ትወጣለች። ቦርዶቹ የቤቱ ናቸው፣ ለሁለት ሰው አንድ፣ ወደ ቤት ይዞ መሄድ አይቻልም። መጀመሪያ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የቮልቴጅ ነው፦ የፓይ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፣ አርዱዊኖ የሚባለውን ቦርድ የለመደ እጅ 5 ቮልት ከሰደደበት ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ፓይው ዲኤስ3231 ከምትባል የሰዓት ቺፕ ጋር በአይስኩዌርሲ፣ ማለትም ቺፖችን በሁለት ሽቦ በሚያነጋግር መስመር ይያያዛል። ይህቺ ቺፕ የተመረጠችው በብልሃት ነው ብዬ አስባለሁ። ፓይ እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ የራሱ ሰዓት የለውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔት ካላገኘ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። መብራት መሄድ ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ሱቅ ውስጥ የተተከለ ፓይ የተሳሳተ ቀን ይዞ ደረሰኝ ሲመዘግብ አስቡት። በአንዲት ክብ ባትሪ የምትሠራ የሰዓት ቺፕ ይሄን ትፈታለች። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ገበያ ላይ በብዛት የምትገኘው ሰማያዊ ቦርድ ባትሪ ለመሙላት የተሠራ ሰርኪዩት አላት፣ በ5 ቮልት የምታሠሯት ከሆነ የማይሞላውን ሲአር2032 ባትሪ አታድርጉባት።

ከዚያ ወጥመዱ። ሁሉም ለቺፗ ድራይቨር ሊጽፍ ሲቋምጥ ጋሼ ፓይው ሲነሳ በሚያነበው የቅንብር ፋይል ላይ አንድ መስመር ይጨምሩና ፓይውን ያስነሳሉ። ሰዓቱ በራሱ ይሠራል። የአይስኩዌርሲ አድራሻዎችን ስንቃኝ 68 መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ዩ ተጽፏል፤ ድራይቨር ይዞታል ማለት ነው። ድራይቨሩ ድሮውኑ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ እንዲያውም ዲኤስ1307 በሚባለው በሌላ ቺፕ ስም ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ በስሙ ብቻ የፈለገ አያገኘውም። ትምህርቱ ገባን፦ ከመጻፍ በፊት ከርነሉን ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ነባሩን አስለቅቀን የራሳችንን ጻፍን። ሰከንዱ ቺፗ ውስጥ የሚቀመጠው በተለየ አቆጣጠር ነው፤ ሄክሳዴሲማል 45 ብታነቡ 69 ብላችሁ እንዳትተረጉሙት፣ 45 ሰከንድ ማለት ነው። የሙቀት መጠኗንም አነበብን፣ እስከ ሩብ ዲግሪ ድረስ ትለካለች። ለዲቫይስ ትሪው (ቦርዱ ላይ ምን ዕቃ እንዳለ ለከርነሉ ለሚነግረው ዝርዝር) የምንጽፈው መለያ ድራይቨሩ ላይ ካለው ጋር በአንዲት ፊደል ከተለያየ ደግሞ ምንም አይፈጠርም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ነው። ያንን ዝምታ ማወቅም አንድ ዕውቀት ነው።

ለኔ ሥራ ግን የጠቀመኝ ከፕሮግራሙ ውጭ የሆነ ነገር ነው። አንድ ሰውዬ በዩኤስቢ የሚሰካ ሚዛን ይዞ መጣ፣ «ለዚህ ድራይቨር ጻፉልኝ» ብሎ። ጋሼ ሰክተው መለያውን አዩ፦ 1ኤ86፣ ሁለት ነጥብ፣ 7523። ሲኤች340 ነው፣ በየርካሹ ዕቃ ውስጥ ያለው የሲሪያል ቺፕ። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ። ግን የሲሪያል ፖርቱ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግል «ብሬልቲቲዋይ» የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይመጣል፣ ይሄንኑ መለያ ሲያይ የብሬይል ማሳያ መስሎት ይነጥቀዋል። ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ ታስወግዱታላችሁ፣ ሚዛኑ ይሠራል፣ ክብደቱን በጥቂት የፓይተን መስመር ማንበብ ይቻላል። የከርነል ኮድ አልተጻፈም። የባርኮድ ማንበቢያም እንደዚያው ነው፣ አብዛኛው ራሱን እንደ ኪቦርድ ነው የሚያስተዋውቀው። ጋሼ ድራይቨር መጻፍ የመጨረሻ አማራጭ ነው ይላሉ፣ ድራይቨር መጻፍ እያስተማሩ። እንደዚህ ብሎ የሚያስተምር ሰው እምነት ይጣልበታል።

ደካማው ክፍል ኢንተራፕትና መቆለፍ (ሁለት ሥራ አንዱን ዳታ በአንዴ እንዳይነካ መከልከል) ነው። ያለምንም ማጋነን ሩጫ ነው። በኢንተራፕት ውስጥ መተኛት፣ ማለትም ቆሞ መጠበቅ እንደማይቻል፣ አይስኩዌርሲ ማንበብ ደግሞ መተኛት ስለሚጠይቅ ሥራው ወደ ትሬድ መተላለፍ እንዳለበት ተነገረን፣ አንድ ቁልፍ ተጭነን አንድ መብራት አበራን፣ አለቀ። ስፒንሎክና ሚውቴክስ የሚባሉት የመቆለፊያ ዓይነቶች በአንድ ትንፋሽ ታለፉ። እውነተኛ ድራይቨር የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ይባስ ብሎ የቤቱ ቨርቹዋል ማሽኖች የተዘጋጁት በአንድ ኮር ነው፣ በአንድ ኮር ላይ ደግሞ የሁለት ፕሮሰስ ግጭት ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ይቀራል። የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ኮር ስጡት። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ካሳንና ሎክዴፕ የሚባሉትን የስህተት መፈለጊያዎች አብርታችሁ የራሳችሁን ከርነል ኮምፓይል አድርጉ፤ የመጀመሪያው የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀምን፣ ሁለተኛው የተሳሳተ የመቆለፍ ቅደም ተከተልን ይዞ ያጋልጣል። ሁለቱም ክፍል ውስጥ ስማቸው አልተነሳም፣ ለዚህ ኮከብ እቀንሳለሁ።

ስለ ዊንዶውስ የሚጠይቅ አለ። አይሰጥም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የከርነል ድራይቨር መፈረም አለበት፣ ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1607 ጀምሮ ለአዳዲሶቹ ፊርማው በማይክሮሶፍት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ለዚያ የሚጠየቀውን ሰርተፊኬት ደግሞ ከዚህ ሆኖ መግዛት ለአንድ ተማሪ አይቀመስም። ለሙከራ የፊርማ ቁጥጥሩን ማጥፋት ይቻላል፣ ግን የደንበኛ ማሽን ላይ ያንን አታደርጉም።

ሥራ ይገኝበታል ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ «ድራይቨር ጸሐፊ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ጋሼም አይዋሹም። የመጨረሻው የቤት ሥራ ግን ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው፦ ከርነሉ ውስጥ ገና ያልበሰሉ ድራይቨሮች የሚቀመጡበት «ስቴጂንግ» የሚባል ፎልደር አለ፣ እዚያ ገብቶ ትንሽ የሚስተካከል ነገር ፈልጎ፣ ቼክፓች በሚባለው ስክሪፕት አጣርቶ፣ ከሥሩ በስምህ ፈርመህ፣ በተራ ጽሑፍ ኢሜይል መላክ። አባሪ አይቀበሉም፣ ጌጠኛ ኢሜይል አይቀበሉም፣ የኮዱ መስመር ገባ የሚለው በታብ ነው፣ የታቡ ስፋት 8 ነው። ካት አልቆም ያላት ልጅ ልካ «ይሄ ለምን አስፈለገ?» የሚል መልስ መጣላት፣ ከነመልሱ ደስ ብሏት ሰነበተች፣ አሁን ሁለተኛውን ዙር እያዘጋጀች ነው።

ስለ ቤቱ ጥቂት ልበል። ወንበሮቹ የፕላስቲክ ናቸው፣ ወገብ የሚያማችሁ ትራስ ያዙ። ክፍሉ ይሞላል፣ ከኋላ የተቀመጠ የተርሚናሉን ፊደል አያነብም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ያለው ይቀጥላል፣ ፓይዎቹ ይቆማሉ፣ ጄኔሬተሩ ለፎቶ ኮፒው እንጂ ለእኛ አይነሳም። የከርነሉን ኮድ ከኢንተርኔት ለማውረድ አትልፉ፤ ሙሉ ታሪኩ ብዙ ጊጋባይት ነው፣ ጋሼ በኤክስተርናል ዲስክ ይዘውታል፣ ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይገለብጡላችኋል። ጎን ያለችው ቡና ቤት ጀበናው ጥሩ ነው፣ ሩብ ሰዓት እረፍት ላይ ግን ወረፋ አለ።

ምዝገባው በስልክ አይደለም፣ ሄዳችሁ ደብተር ላይ ስማችሁን ታጽፋላችሁ። መጀመሪያ ቀን ጋሼ አንድ የሲ ጥያቄ ይሰጣሉ፣ ሊንክድ ሊስት ላይ ነው የሚያጠነጥነው፣ ያልመለሰ ሰው ገንዘቡን ሳይከፍል እንዲመለስ ይነገረዋል። ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ያለው ላፕቶፕ ከሌላችሁ ቨርቹዋል ማሽኑ ይንቀራፈፍባችኋል፣ 8 ቢሆን ይመረጣል። ትምህርቱ ሲያልቅ ይመሻል፣ ወደ መሀል የምትመለሱ ከሆነ ሚኒባስ ተራው ላይ ሰልፉ ሳይረዝም ከመጨረሻዋ ጥያቄ በፊት ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ ጋሼ አይቀየሙም።